መልስ፦ የአባቴን ሽጉጥ ሱቄ ውስጥ ማስቀመጥ መብቴ አይደለም ወይ?

«አሜሪካኖች መብታቸው ነው፤ እኔ ፒያሳ ሱቄ ውስጥ የሟች አባቴን ሽጉጥ ባስቀምጥ ምን አለበት?» ላልከው፦ አለበት እንጂ ወንድሜ። መሣሪያ ስለመያዝ የሚናገረውን የነሱን ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ማሻሻያ (1791 እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. ሄለር በተባለው ጉዳይ የግለሰብ መብት ነው ብሎ ተርጉሞታል፤ ያው ፍርድ ቤት ግን ገደብ የለሽ አይደለም ብሏል። የእኛ ሕገ መንግሥት እንዲህ ያለ አንቀጽ የለውም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ነው፤ ውርስ ፈቃድን አይተካም። ሽጉጡን በታክሲ ይዘህ ፖሊስ ጋ እንዳትሄድ፣ መንገድ ላይ ከተፈተሽክ ማስረዳቱ ከባድ ነው። መጀመሪያ የአባትህን ወረቀት ብቻ ይዘህ አመልክት፤ ሽጉጡን እንዴት እንደምታመጣው እነሱ ይንገሩህ።

ፖሊስ ሱቅህን ስለ መፈተሹ፦ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 ቤትህንና ንብረትህን ይጠብቃል። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት የፍርድ ቤት የመፈተሻ ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ መግለጽ አለበት፣ ፍርድ ቤት ካልፈቀደ በቀር ሰዓቱም ከጠዋት 12 እስከ ምሽት 12 ነው። ያለ ማዘዣ የሚፈተሽባቸው ሁኔታዎችም አሉ፤ ስለዚህ ያለ ማዘዣ አይፈትሹኝም ብለህ አትተማመን።

«ሌባ ቢመጣስ?» የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 የሚጠብቅህ ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ የማይመለስና መከላከሉም ተመጣጣኝ ሲሆን ነው። ዕቃ ይዞ እየሸሸ ያለን ሰው ከኋላ መተኮስ እዚህ ውስጥ አይገባም። መከላከልህ ተቀባይነት ቢያገኝ እንኳ፣ ያለ ፈቃድ መያዙ ራሱን የቻለ ክስ ነው።