«ሜዲኬር ክፍያ ቀንሷል፤ ኮሎኖስኮፒዬን ላቆየው?»

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው የምኖረው፣ 68 ዓመቴ ነው፣ ሜዲኬር (መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) አለኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሰገራዬ ላይ ቀይ ደም አያለሁ። ኪንታሮት ነው ብዬ ቅባት እየተቀባሁ ነው። ሜዲኬር ለኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ አንጀትን ለማየት፣ ለሐኪሞች የሚከፍለው እየቀነሰ ነው ሲሉ ሰማሁ። በጥድፊያ አይሠሩብኝም? የጎደለውስ እኔ ላይ አይመጣም?

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው። ሜዲኬር ለእያንዳንዱ ሕክምና ነጥብ ይሰጣል፤ ያን ነጥብ አባዝቶ የሐኪምን ክፍያ የሚያሰላበት ማባዣ እ.ኤ.አ. በ2020 36.09 ዶላር ነበር፣ በ2025 ወደ 32.35 ወርዷል። የዋጋ ንረቱ ሲታሰብ ቅናሹ ይብሳል። ግን የሜዲኬርን ተመን የተቀበለ ሐኪም የጎደለበትን ከእርስዎ መጠየቅ አይችልም። ስለ ጥድፊያው ደግሞ ካሜራውን ሲያወጣ አንጀትዎን ስንት ደቂቃ እንደሚያይ በቀጥታ ይጠይቁት። ከ6 ደቂቃ ማነስ የለበትም።

እኔን ያሳሰበኝ ደሙ ነው። እርስዎንም የሚያስፈራዎት ሂሳቡ ብቻ አይመስለኝም፤ «ካንሰር ቢሆንስ» የሚለው ነው። አብዛኛው እንዲህ ያለ ደም ካንሰር አይደለም። ግን ይህ በግምት አይታወቅም! «ደሙ ቀይ ከሆነ ኪንታሮት ነው» የሚለው ወሬ ስንቱን አዘግይቷል መሰለዎት። ፊንጢጣ አጠገብ ያለ ዕጢም ቀይ ደም ያፈሳል። ኪንታሮትም ዕጢም አንድ ሰው ላይ ሊኖር ይችላል። «ቅባቱን ስቀባ ቆመልኝ» ማለትም ምንም አያረጋግጥም፣ ምክንያቱም የዕጢ ደምም ብቅ ጥፍት ይላል። ሳይታዩ ወራት ሙሉ ቅባት መቀባት ሕክምና አይደለም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና። ዛሬውኑ ደውለው ቀጠሮ ይያዙ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደሙ ከበዛ ወይም ራስዎን ካዞረዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፣ 911 ይደውሉ።

ሂሳቡን በተመለከተ፣ ምልክት ለሌለው ሰው የቅድመ ምርመራ ኮሎኖስኮፒ ነፃ ነው፤ ፖሊፕ (አንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ እብጠት) ከተቆረጠ እስከ 2026 ድረስ ሜዲኬር ከተመነው ዋጋ 15 በመቶ ይከፈላል። እርስዎ ደም ስላለዎት ግን የሚከፍሉት የዓመቱን መነሻ ክፍያ (ሜዲኬር መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስዎ የሚወጣውን) ካሟሉ በኋላ 20 በመቶ ነው። ተጨማሪ ኢንሹራንስ ካለዎት አብዛኛውን ጊዜ ይሸፍነዋል። ነፃ እንዲሆንልኝ ብለው ደሙን እንዳይደብቁ፣ አደራ! ሐኪሙ ምን እንደሚፈልግ ማወቅ አለበት። ቀጠሮ ሲይዙ ከሆስፒታል ውጭ ባለ ማዕከል ይሠራልኝ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ድርሻዎ ያንሳል።