ጠርዙን አትቁረጡት

ልጆች፣ የአዳማ ሙቀት አላስተኛ ብሎኝ በረንዳ ላይ ወጥቼ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። ጂኦሎጂ ጨርሳችሁ ገና መዶሻ የያዛችሁ ልጆች ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ይሄ ድንጋይ ከየት መጣ?» ጥያቄው ጥሩ ነው። ግን መንገድ ላይ ምን እንዳገኘውም ጠይቁ።

ብዙ ሰው ከእግራችን በታች የእሳት ባሕር ያለ ይመስለዋል። የለም። ከምንረግጠው የምድር ቅርፊት በታች ያለው ማንትል ጠጣር ዓለት ነው፤ የላይኛው ክፍሉ በአብዛኛው ፔሪዶታይት ነው፣ አረንጓዴው ኦሊቪንና ፓይሮክሲን የሚባሉ ማዕድናት የተቃቀፉበት። ሙቀቱ ከ1,300 ዲግሪ በላይ ሆኖ እንኳ አይቀልጥም፣ ጫናው ጠፍንጎ ይዞታላ። ደብረ ብርሃን ላይ ሽምብራ የቀቀለ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። እዚያ የአየሩ ጫና ስለሚያንስ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይንተከተካል፣ ሽምብራው ግን ጥሬ ነው። ማንትልም እንደዚያው ነው። ስምጥ ሸለቆው ሲለጠጥና ሲሳሳ ከስር ያለው ዓለት ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል፣ ጫናው ይቀልለታል፣ ማንም ሳያሞቀው መቅለጥ ይጀምራል። ውሃ ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካለበት ደግሞ ቶሎ እጁን ይሰጣል። ታዲያ ሁሉም አይቀልጥም። ብዙ ጊዜ ከመቶ ጥቂት እጁ ብቻ ነው፣ እሱም በማዕድኖቹ ቅንጣቶች መካከል እንደ ላብ ችፍ ብሎ።

ዋናው ጨዋታ ከዚህ በኋላ ነው።

እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ አይታችኋል። የቀለጠው ቅቤ ከኮሰረቱና ከኮረሪማው መዓዛውን ይወስዳል፣ ከታች ደግሞ ዝቃጭ ይተዋል። ወጡ ውስጥ ሲገባ የላሟ ቅቤ ብቻ አይደለም። ማግማም፣ ያ የቀለጠው ዓለት፣ እንዲሁ ነው። ጥልቅ ቦታ ላይ ከጎረቤቱ ዓለት ጋር ተስማምቶ የነበረው፣ ወደ ላይ ሲወጣና ጫናው ሲቀንስ ስምምነቱ ይፈርስና በመንገዱ ያገኘውን ፓይሮክሲን ይበላል፣ በምትኩ ኦሊቪን ይጥላል። ደጋግሞ ያለፈበት መንገድ በመጨረሻ ኦሊቪን ብቻ ይሆናል። ዱናይት የምንለው ይሄ ነው፤ የኦማን ተራሮች ላይ እንዲህ ያሉ የጥንት የማግማ መንገዶች ወጥተው ይታያሉ። ቅልጡም ተለወጠ፣ ዓለቱም ተለወጠ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ወጣት ሳለሁ ቦረና፣ ሜጋ ወረድን። እዚያ ባዛልቱ፣ ማግማ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ የሚሆነው ጥቁር ድንጋይ፣ ከማንትል የነጠቀውን አረንጓዴ ድንጋይ በሆዱ ይዞ ይገኛል። ድንጋዩ ከማግማው ይከብዳል፣ ስለዚህ ማግማው ዝግ ብሎ ቢሆን ኖሮ ተመልሶ ይሰምጥ ነበር፤ እየበረረ ነው ያወጣው። እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? «ንጹህ» ናሙና ፈልጌ ባዛልቱና አረንጓዴው የሚነካኩበትን ጥቁር ጠርዝ በመጋዝ እየቆረጥኩ ጣልኩት። አየር ያበላሸው መስሎኝ ነው። ሪፖርቴን ያየ አንድ አዛውንት ባልደረባ «የቆረጥከው የት አለ?» ብቻ አለኝ። ድርቅ አልኩ! ማግማው ፓይሮክሲኑን ጀምሮ ሳይጨርሰው የቀዘቀዘው፣ ደቃቅ ኦሊቪንና መስታወት ጥሎ የሄደው፣ እዚያ ጠርዝ ላይ ነበር። የሁለት ቀን መንገድ ሄጄ የተጻፈውን ደብዳቤ ትቼ ፖስታውን ይዤ ተመለስኩ።

ለዚህ ሜጋ ድረስ መሄድ የለባችሁም። ከአዳማ ወጣ ብላችሁ ወደ ቦሰት ወይም ወደ ወንጂ በኩል ቀይ አሸዋ የሚቆፈርበት ጋ ቁሙ። ቀዩ አሸዋ ከባዛልት የመጣ ነው፣ እዚያው አካባቢ የምታገኙት ባልጩት፣ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ መስታወት፣ ግን ብዙ ከዘገየ ማግማ የመጣ ነው፤ መንገድ ላይ ክሪስታሎቹን እየጣለ፣ አልፎ አልፎም ከላይኛው ቅርፊት እየቀመሰ ነው እንዲያ የሆነው። የላቦራቶሪውን ቁጥር ብቻ አይታችሁ «ማንትሉ እንዲህ ነው» አትበሉ፣ የቅርፊቱን ቅምሻ የማንትል ጠባይ አድርጎ ማንበብ ቀላል ስህተት ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ፣ ግን ያ ሌላ ቀን።

ከመጋዙ ያመለጠ አንድ የሜጋ ቁራጭ አሁንም ሳሎኔ መደርደሪያ ላይ አለ፣ ጠርዙ እንዳለ። ባለቤቴ ስታጸዳ «ይሄ ጥቁሩ አይለቅም እንዴ?» ትለኛለች። ሌንሳችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ቡና አለ።