«አዋቂው የት አገር ነው?»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን የአማርኛ መምህርት ነኝ። ለትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ዜና ሳዘጋጅ አንድ ዓረፍተ ነገር አስቸገረኝ። ዜናው የመንግሥት ምስጢር ይዘው በኢንተርኔት ስለሚወራረዱ ሰዎች ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦ «በትንበያ ገበያ አንድ የውስጥ አዋቂ በማዱሮ መያዝ ላይ ተወራርዶ ከ400 ሺህ ዶላር በላይ አገኘ።» ማታ ለአያቴ አነበብኩላቸው። የመንዝ ሰው ናቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «አዋቂው የት አገር ነው?» አሉኝ። ጠንቋይ መስሏቸው ነው። ሳቅን። ኋላ ግን ራሴም ተጠራጠርኩ። «የውስጥ አዋቂ» ልክ ነው? «ላይ ተወራረደ» ይባላል? ደግሞስ ነገሩ ውርርድ ነው ወይስ ቁማር?

መልስ፦ በመጀመሪያ ለአያትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እኔም የጅሩ ልጅ ነኝ፣ ያደግኩት እነዋሪ ነው። በእኛ ሰፈር «አዋቂ ቤት ሄደች» ከተባለ ዩኒቨርሲቲ የገባች የሚመስለው ሰው የለም። አዋቂ ማለት የጠፋ በሬ የት እንዳለ የሚናገር፣ ገብስማ ዶሮ አምጡ የሚል ሰው ነው። እርስዎ ደግሞ «ትንበያ» ጨመሩበት። ትንበያ የነቢይ ዘመድ ነው፣ ሁለቱም ከአንድ ሥር ነው የወጡት። አያትዎ እንግዲህ የሰሙት ነቢይና ጠንቋይ የሚገበያዩበት ቦታ አለ ተብሎ ነው። ምን ያድርጉ?

«የትንበያ ገበያ» የሚለውን ግን አልነካውም። የአየር ትንበያን ሁሉም ለምዶታል። «ገበያ» የሚለውም ቦታውን ይዟል። እንደ ፖሊማርኬትና ካልሺ ያሉት መድረኮች የሚሠሩት እንደ ኳስ ቤቲንግ አይደለም። አንድ ጥያቄ ይቀርባል፤ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። የ«አዎ» ድርሻ በ7 ሳንቲም ከተሸጠ ገበያው «የመሆን ዕድሉ 7 በመቶ ነው» እያለ ነው። ነገሩ ከሆነ ድርሻው 1 ዶላር ይከፍላል። ካልሆነ ባዶ። ሐሳቡን የቀየረ ሰው ውጤቱ ሳይታወቅ ድርሻውን ለሌላ መሸጥ ይችላል። ዋጋውን የሚያወጡት ገዢና ሻጭ ናቸው። እንግዲህ ይህ ገበያ ካልተባለ የሐሙሱም ገበያ ገበያ አይደለም።

ወደ ዜናው። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 3 ቀን 2026፣ ማለትም ታኅሣሥ 25 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እኛ ለገና በግ ስናማርጥ፣ የአሜሪካ ጦር የቬንዝዌላውን ፕሬዚዳንት ኒኮላስ ማዱሮን ይዞ ወሰደ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት በፖሊማርኬት አንድ አዲስ አካውንት 32 ሺህ ዶላር ገደማ አስይዞ ነበር። ድርሻውን ሲገዛ ዋጋው 10 ሳንቲም እንኳ አይሞላም። ያገኘው እርስዎ እንዳሉት ከ400 ሺህ በላይ ነው። ብዙ ሰው «ይሄስ አስቀድሞ ያውቅ ነበር» አለ። ወዲያው ሪቺ ቶሬስ የተባሉ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ረቂቅ ሕግ አቀረቡ፤ ባለሥልጣናትና የመንግሥት ሠራተኞች በሥራቸው ያወቁትን ይዘው እንዲህ ዓይነት ገበያ እንዳይገቡ የሚከለክል ነው።

አንድ እርማት ግን አለ። ያ ሰው የተወራረደው «ይያዛል» ብሎ አይደለም። ጥያቄው ማዱሮ እስከ ጃንዋሪ 31 ከሥልጣን ይወርዳሉ ወይ የሚል ነበር። «ይወርዳል» ብሎ «ተወራረደ»። ሁለቱ ግሦች ሥራቸው ወ-ረ-ደ መሆኑን ልብ ይበሉ። አማርኛ አንዳንዴ ሳይጠይቁት ይቀልዳል።

አሁን እኔን ወደሚያጓጓኝ ደረስን። «ተወራረደ» የሚለውን ግስ ቅርጹን ይዩት። ተነጋገረ፣ ተመካከረ፣ ተሰዳደበ፣ ተወራረደ። የመካከለኛው ፊደል የሚደገምበት ይህ ቅርጽ ብቻውን የሚቆም ሰው አይወድም። ሁለት ወገን ይፈልጋል። እኔ የምሰድብህ አንተም የምትሰድበኝ ከሆነ ነው ተሰዳደብን የሚባለው። አንዱ ሲሳደብ ሌላው ዝም ካለ «ሰደበው» እንላለን እንጂ «ተሰዳደቡ» አንልም። ውርርድም እንደዚሁ ነው። አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ፣ እንግዲህ እንወራረድ። አንደኛው መልሱን ኪሱ ውስጥ ከያዘ ግሱ አንድ እግሩ ተሰበረ። የሆነው ነገር «በላው» ነው፣ «ሸወደው» ነው።

የዚሁ ግስ ወንድም ደግሞ በየቢሮው አለ። መስክ ወጥተው ሲመለሱ አበልዎን ያወራርዱ የለ? የወሰዱት በአንድ በኩል፣ ያወጡት በሌላ በኩል ይቀመጥና ይካካሳል። ጥሬ ሥጋም በጠላ ይወራረዳል፣ ይህኛው እንኳ ሒሳብ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ «ላይ ተወራረደ» ነው። ይህ ከእንግሊዝኛ ተጭኖ የመጣ ነው፤ በስፖርት ዜና በኩል ሳይገባ አልቀረም። በአማርኛ ከ«ተወራረደ» ጋር የሚመጣው «በ» ሌላ ሥራ አለው። የሚያሳየው መያዣውን ነው። «በአንድ በግ ተወራረድን» ካልን የተሸነፈው በግ ያመጣል። ስለዚህ «በማዱሮ ተወራረዱ» ብንል የተሸነፈው ማዱሮን ጎትቶ ሊያስረክብ ነው። «ላይ» ሲጨመርበት ያ ይቀራል፣ ግን ዓረፍተ ነገሩ ይጎረብጣል። የእኛ መንገድ «ብሎ» ነው። ይወርዳል ብሎ ተወራረደ፤ ይዘንባል ብሎ ተወራረደ። ሰውየው ያለውን ነገር እንዳለ ያስቀምጠዋል፣ አያሻማም።

ስለ መያዣ ካነሣን የአገራችንን የድሮ ሙግት ማለፍ አልችልም። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረበት ዘመን፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ፣ ተሟጋቾች ዳኛ ፊት የሚከራከሩት እየተወራረዱ ነበር። አንዱ በማር ይላል፣ ሌላው በበቅሎ፣ ነገር ሲጠነክር በፈረስ። «እሰጥ» ይላል አንዱ፣ «አገባ» ይላል ሌላው። ዛሬ «እሰጥ አገባ ውስጥ ገቡ» ስንል ተጨቃጨቁ ማለታችን ነው እንጂ ማርና በቅሎው ከተረሳ ቆየ። የሚያስቀው ደግሞ የተረታው ሰው ውርርዱን የሚከፍለው ለዳኛው ነበር። ፍርዱን አስቀድሞ የሚያውቀው ሰውዬ ማሩን ይወስዳል! እንግዲህ «ባለ ምስጢር ተወራራጅ» ዛሬ የተፈጠረ ነገር እንዳይመስልዎ። ብቻ ያኔ ሁሉም በአደባባይ ያየዋል፣ ማንም አይደበቅም።

ውርርድና ቁማር? በዚህ ብዙ አልቆይም። ቁማር ከዓረብኛ የመጣ ቃል ነው፣ ሲነገርም ይሸታል። ውርርድ ቤተሰብ መሐል ይነገራል፤ «ተወራረድን» ያለ ልጅ አይመታም፣ «ቆመርኩ» ያለ ይመታል። አወራራጅ ድርጅት «የስፖርት ውርርድ» ብሎ የሚጽፈው ለዚህ ነው። ልጆቹ ደግሞ «ቤቲንግ» ይሉታል፣ ከሁለቱም ለመሸሽ ይመስለኛል። ለዜናዎ «ውርርድ» ይበቃል። አስተያየት ሲጽፉ «ቁማር» ቢሉም አልቃወምዎትም።

የቀረው ከባዱ ነው፣ «የውስጥ አዋቂ»። ነገሩ ሁልጊዜ በትንበያ ገበያ አይመጣም። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የምርጫውን ቀን ሊያስታውቁ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ የቅርብ ረዳታቸው የነበረ የፓርላማ አባል «ምርጫው በጁላይ ነው» ብሎ 100 ፓውንድ አስይዞ ተገኘ። ያስያዘው በተራ አወራራጅ ቤት ነው። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በዚሁ ጉዳይ 15 ሰዎች ተከሰሱ። በየካቲት 2018 ዓ.ም. ደግሞ እስራኤል አንድ የተጠባባቂ ጦር አባልና አንድ ሲቪል ከሰሰች፤ ወታደራዊ ምስጢር ይዘው በፖሊማርኬት ተወራርደዋል ተብለው ነው። እነዚህን ሰዎች ምን እንበላቸው?

አማርኛ ለውስጥ ሰው ድሀ አይደለም። ቤቱን የሚያውቅ ቤተኛ ነው። ጌታው አጠገብ የሚቆም ባለሟል ነው። ምስጢር የሚነገረው ምስጢረኛ ነው። የእንግሊዙ ረዳት ባለሟል ቢባል ልክክ ይላል። ለሁሉም የሚሆነው ግን «ቤተኛ» ይመስለኛል፤ ጥፋተኛ አያደርግም፣ ንጹሕም አያደርግም፣ ከቤት መሆኑን ብቻ ይናገራል። «የውስጥ» የሚለውን ቃል ግን ለዚህ ሥራ ማዋል አልወድም። ይህ የቋንቋ ሕግ አይደለም፣ የእኔ ስስት ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ ራስ አበበ አረጋይ በሰሜን ሸዋ ተራሮች ሲዋጉ፣ ከተማ ውስጥ ጠላት ሥር እየኖሩ መረጃና ጥይት የሚያቀብሉ ሰዎች ነበሩ። የውስጥ አርበኞች ነው የምንላቸው። የጠላትን ምስጢር እያወጡ ይሰጡ ነበር፣ የሚያስይዙትም አንገታቸውን ነው። የመንግሥቱን ምስጢር በ7 ሳንቲም ድርሻ የሚቸረችረውን ሰው በእነሱ ቃል መጥራት ይከብደኛል።

ልጆች ሳለን እነዋሪ ብይ እንወራረድ ነበር። ነገ ፈተና አለ ወይስ የለም? አንድ ልጅ ሁልጊዜ ይበላን ነበር። አስተማሪያችን የተከራዩት እነሱ ግቢ እንደሆነ የገባን ኪሳችን ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እያየ ይመጣል። ያኔ ማንም «የውስጥ አዋቂ» አላለውም። ሁላችንም የጮኽነው «አይተሃል! አይቆጠርም!» ብለን ነው። ብዩን ግን አልመለሰም።

«አይቶ መወራረድ» ለዜና ትንሽ የሰፈር ነው። ለርዕስ ግን ይሞክሩት፣ ተማሪዎቹ ወዲያው ይገባቸዋል። ጠንከር ያለ ቃል ሲያስፈልግዎ «በመንግሥት ምስጢር መነገድ» ይበሉ። ምስጢር ወይስ ሚስጥር ብለው ሳይጠይቁኝ ልመልስ፦ ቃሉ ከግሪክ ወደ ግዕዝ፣ ከግዕዝ ወደ እኛ ነው የመጣው። ሲጽፉ ምስጢር፣ ሲያወሩ እንዳሻዎ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ሰውየውን «የውስጥ አዋቂ» ብሎ ፈርዶበታል። ጥርጣሬ በጥርጣሬ ግስ ይጻፍ፤ ለዚህ ደግሞ አማርኛ «ሳያውቅ አይቀርም» የሚል ቆንጆ መሣሪያ ሰጥቶናል። እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር፦

«አንድ ሰው በትንበያ ገበያ ‹ማዱሮ ከሥልጣን ይወርዳል› ብሎ ተወራርዶ ከ400 ሺህ ዶላር በላይ አገኘ። ቤተኛ ሳይሆን አይቀርም፣ ነገሩንም አስቀድሞ ሳያውቅ አይቀርም ተብሎ ተጠርጥሯል።»

ይህን ለአያትዎ ያንብቡላቸውና ምን እንዳሉ ይጻፉልኝ።