የሕግ ምክር፦ ከምግብ ቤቴ ፊት ያለው ፓርኪንግ ሊነሳ ነው

ጥያቄ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ ዩ ስትሪት አካባቢ ቤት ተከራይቼ ምግብ ቤት እሠራለሁ። ሰሞኑን ከከተማው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የመጣ ማስታወቂያ በእኛ በኩል ያለው የመኪና ማቆሚያ በሙሉ ተነሥቶ የእግረኛ መንገዱ እንደሚሰፋ፣ የብስክሌት መስመርም እንደሚገባ ይገልጻል። አብዛኞቹ ደንበኞቼ ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ በመኪና የሚመጡ ናቸው። እንጀራውም መጠጡም የሚወርደው በፊት በር ነው። ማስቆም እችላለሁ? ካልቻልኩስ ካሳ ይከፈለኛል? በአማርኛ የተጻፈው ታፔላዬና ደጅ ያሉት ጠረጴዛዎችስ ምን ይሆናሉ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከካሳው ልጀምር፤ ብዙ ባለንግዶች ጊዜያቸውንም ገንዘባቸውንም የሚጨርሱት እዚያ ላይ ነውና። በመንገድ ዳር ያለ ንብረት ወደ መንገዱ የመግቢያና የመውጫ መብት አለው። በሩ ፊት መኪና የማቆም መብት ግን የለውም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያ መንግሥት ካሳ እንዲከፍል የሚያስገድደው የግል ንብረት ሲወስድ ነው፤ የመንገዱ ጠርዝ ደግሞ የከተማው እንጂ የእርስዎ ወይም የአከራይዎ አይደለም። ፓርኪንጉ በመነሳቱ ገበያ ቢቀንስ፣ የቀነሰው ገቢ ብቻውን ለካሳ ክስ አይበቃም። በግንባታ ወቅት የሚፈጠር ጊዜያዊ መጨናነቅም በአብዛኛው እንዲሁ ነው። በርዎ ጭራሽ ከተዘጋ ወይም መግቢያው በእጅጉ ከተሰናከለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔ ሳይውሉ ሳያድሩ ጠበቃ ያማክሩ።

ስለዚህ አቅምዎ ያለው ከፍርድ ቤት በፊት፣ በእጅዎ ባለው ማስታወቂያ ላይ ነው። ዲዶት በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ፓርኪንግና የትራፊክ መስመር ሲቀይር «ኖቲስ ኦፍ ኢንቴንት» የሚባል የሐሳብ ማሳወቂያ ያወጣል። አስተያየት የሚቀበለው ለ30 የሥራ ቀናት ነው። ቅዳሜ፣ እሑድና የበዓል ቀን ስለማይቆጠሩ ስድስት ሳምንት ገደማ ይሆናል። ማስታወቂያው ላይ ያለውን ቀንና የመዝገብ ቁጥር ዛሬውኑ ይመልከቱ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚላክ ደብዳቤ ክብደቱ በጣም ይቀንሳል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ዋናው መንገድ በሠፈርዎ ያለው ኤኤንሲ፣ ማለትም የሠፈር አማካሪ ኮሚሽን ነው። እያንዳንዱ ኮሚሽነር ወደ 2,000 ነዋሪ ይወክላል፤ የእርስዎን በምግብ ቤቱ አድራሻ መፈለግ ይቻላል። የሠፈሩ ነዋሪ ባይሆኑም በስብሰባው ላይ ከመናገር የሚከለክልዎት የለም። የዲሲ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለኮሚሽኑ ምክር «ታላቅ ክብደት» እንዲሰጡ ያዛል። ይህ ማለት ኮሚሽኑ ያለውን የግድ መፈጸም አለባቸው ማለት አይደለም። ኮሚሽኑ ላነሣው ለእያንዳንዱ ጉዳይ፣ ለምን እንደተቀበሉት ወይም እንዳልተቀበሉት በጽሑፍ ምክንያት መስጠት አለባቸው ማለት ነው። ይህን ክብደት የሚያገኘው አስቀድሞ በተገለጸ ሕዝባዊ ስብሰባ፣ ምልዓተ ጉባኤ ባለበት ድምፅ ተሰጥቶበት በጽሑፍ የተላከ ውሳኔ ብቻ ነው። ኮሚሽነሩ በኢሜይል «እደግፍዎታለሁ» ቢሉዎ ይህ አይበቃም። ኮሚሽኖቹ አብዛኛውን ጊዜ በወር አንዴ ነው የሚሰበሰቡት፣ በኦገስት ደግሞ ብዙዎቹ አይሰበሰቡም። ስለዚህ ጉዳዩ በአጀንዳ እንዲያዝ ለሰብሳቢው በዚህ ሳምንት ይጻፉ።

ምን እንደሚጽፉ በደንብ ያስቡበት። «ፓርኪንጋችን አይነካብን» ብሎ ሦስት መቶ ፊርማ ማሰባሰብ የተለመደ ነው፤ ፊርማው ግን ለመንገዱ መሐንዲስ በንድፍ ሥዕሉ ላይ ምን እንደሚቀይር አይነግረውም፤ መሥሪያ ቤቱም በአንድ አንቀጽ መልሶ ያልፈዋል። ለሁለት ሳምንት መዝገብ ይያዙ፦ ስንት ሰዓት ምን ዓይነት መኪና መጣ፣ ርዝመቱ ስንት ነው፣ ስንት ደቂቃ ቆመ፣ የት ቆመ። ከዚያ የሚፈልጉትን ቦታና ሰዓት ለይተው ይጠይቁ። ለምሳሌ በማዕዘኑ ዞሮ ባለው መንገድ፣ ከበርዎ በቅርብ ርቀት፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 5 ሰዓት የዕቃ ማውረጃ ዞን እንዲሰጥ። ሰዓቱን መገደቡ ለራስዎ ይጠቅማል፤ 24 ሰዓት ሙሉ ዕቃ ማውረጃ እንዲሆን የጠየቀ ሰው ማታ ለእራት የሚመጣው ደንበኛ የሚያቆምበትን ቦታ በገዛ እጁ ይዘጋል። ለምሽት ደግሞ እንደ ዶርዳሽ ያሉ ምግብ አድራሾችና ታክሲ ለጥቂት ደቂቃ የሚቆሙበት የማንሻና የማውረጃ ዞን ይጠይቁ። አቅመ ደካማ ወላጆቻቸውን ይዘው ለሚመጡ ቤተሰቦች የአካል ጉዳተኛ ፈቃድ ላላቸው ብቻ የተለየው፣ አናቱ ቀይ የሆነው የፓርኪንግ መክፈያ ሚተር በቅርብ ካለው የጎን መንገድ ላይ እንዲተከል ያመልክቱ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ነገር አለ። ዕቃ ማውረጃው ከብስክሌት መስመሩ ማዶ ከሆነ፣ በመሐል የሚቀመጠው የኮንክሪት መለያ የዕቃ ጋሪ አያሳልፍም። በዚያ ቦታ ክፍተትና ዘቅዛቃ መወጣጫ እንዲኖር በሥዕሉ ላይ እንዲገባ ይጠይቁ። ሥዕል ላይ ይህ አንድ መስመር ነው፤ ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ግን ማስቀየር እጅግ ከባድ ነው።

መሥሪያ ቤቱ «ፓርኪንጉ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው» ካለ ይህን ያለበትን የመኪና ቆጠራ ጥናት ለማየት በመረጃ ነጻነት ሕጉ ይጠይቁ። መልስ መስጠት ያለበት በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ሲሆን እስከ 10 የሥራ ቀን ሊያራዝም ይችላል። ቀኖቹን ሲደምሯቸው ጥያቄው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ካልገባ ሰነዱ አስተያየቱ ከተዘጋ በኋላ ሊደርስዎት ይችላል። ቆጠራው የተደረገው ማክሰኞ ከሰዓት ከሆነና የእርስዎ ገበያ ዓርብ ማታና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከሆነ፣ ይህን ነጥብ ኮሚሽኑ በውሳኔው ውስጥ እንዲያሰፍረው ያድርጉ።

እንግሊዝኛው ከከበደዎ አይፈሩ፣ ከስብሰባውም አይቅሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነጻ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፣ አማርኛም ከሚጠቀሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ለስብሰባው አስተርጓሚ እንደሚያስፈልግዎ ጥቂት ቀን ቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ። ከከለከሉዎ አቤቱታው ለከተማው የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ ይቀርባል።

ወደ ታፔላው ልለፍ። በዲሲ ብዙ ቦታ ከሕንፃው ግድግዳ ጀምሮ ያለው መሬት የሕዝብ ነው። ወደ እግረኛ መንገዱ የወጣ ታፔላ፣ የሸራ ጥላ፣ ጠረጴዛና አጥር ሁሉ የሚቆመው በፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም ሊሻር ይችላል። ስለዚህ የታፔላውን ፈቃድ አሁኑኑ ይፈልጉ። ከቀድሞው ተከራይ የወረሱት ከሆነ ጨርሶ ላይኖር ይችላል፣ ይህ ደግሞ ገሃድ የሚወጣው መንገድ በሚታደስበት ጊዜ ነው። አካባቢው በዩ ስትሪት ታሪካዊ ክልል ውስጥ ከሆነ አዲስ ታፔላ የታሪካዊ ቅርስ ግምገማም ማለፍ ይኖርበታል። በእግረኛ መተላለፊያ ላይ የሚንጠለጠል ነገር ከመሬት ቢያንስ 80 ኢንች ከፍ ማለት አለበት፤ ከ27 እስከ 80 ኢንች ባለው ከፍታ ላይ ግድግዳ ላይ የተሰካ ነገር ከ4 ኢንች በላይ ወደ ውጭ መውጣት የለበትም። ምክንያቱም ዓይነ ስውር ሰው በበትሩ የሚያገኘው ዝቅ ያለውን ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ፊቱን ይመታዋል።

ፊደላችን ግን ችግር አይደለም። የካሊፎርኒያዋ ፖሞና ከተማ ከታፔላው ግማሹ በእንግሊዝኛ ፊደል እንዲጻፍ ደንብ አውጥታ ነበር፤ የፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 ሽሮታል። ውሳኔው ዲሲን በቀጥታ ባያስገድድም አስረጅነቱ ጠንካራ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2015 የአሪዞናዋን የጊልበርት ከተማ ጉዳይ ሲወስን ታፔላን በይዘቱ እየለየ የሚያስተናግድ ደንብ ጥብቅ ምርመራ እንደሚያስፈልገው ደንግጓል። ከተማው ስለ መጠን፣ ስለ መብራትና ስለ ከፍታ ለሁሉም እኩል የሆነ ደንብ ማውጣት ይችላል፤ «አማርኛውን አንሱ» የሚል ተቆጣጣሪ ካጋጠመዎ ግን የደንቡን ቁጥር በጽሑፍ ይጠይቁት።

ስለ ጠረጴዛዎቹ፣ የእግረኛ መንገዱ መስፋት ሊጠቅምዎም ይችላል። የዛፍ ጉድጓድ፣ የብስክሌት ማሰሪያና የመብራት ምሰሶ የት እንደሚተከሉ ከሥዕሉ ይመልከቱ፤ በርዎ ፊት ከተተከሉ ለጠረጴዛ የሚተርፍ ቦታ አይኖርም። ውጭ አልኮል የሚያቀርቡ ከሆነ የአልኮል ፈቃድዎ የውጭ መቀመጫውንም ማካተት አለበት፣ ስፋቱ ሲቀየርም ይህንን ማስተካከል ያስፈልጋል።

ቁፋሮው ሲጀመር ደግሞ ከእጅ የማያመልጥ አንድ ቀነ ገደብ አለ። ምድር ቤትዎ ውኃ ቢገባው ወይም ግድግዳው ቢሰነጠቅና ተጠያቂው ከተማው ከሆነ፣ ጉዳቱ በደረሰ በ6 ወር ውስጥ ጊዜውን፣ ቦታውን፣ ምክንያቱንና ሁኔታውን የሚገልጽ የጽሑፍ ማስታወቂያ ለከንቲባው መድረስ አለበት። ለፎርማን በቃል መንገር፣ ለዲዶት ኢንጂነር ኢሜይል መላክ ይህን አይተካም። ማስታወቂያው ካልገባ ክሱ ጥፋቱ ምንም ያህል ግልጽ ቢሆን ውድቅ ይሆናል። ተቋራጩን መክሰስ የተለየ ነው፤ ስለዚህ ለሁለቱም ይጻፉ። አንድ አካፋ አፈር ሳይነሳ በፊት የምድር ቤቱን ግድግዳ፣ ወለልና የቧንቧ መግቢያ ቀን በሚያሳይ ፎቶ ይያዙ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ሌላ ቅርንጫፍ ካለዎት ሕጉ ይለያል፦ በሜሪላንድ ለካውንቲ የሚሰጠው ማስታወቂያ ጊዜ 1 ዓመት፣ በቨርጂኒያ ለከተማ 6 ወር ነው።

በመጨረሻም የኪራይ ውልዎን ያንብቡ። መንገድ በመቆፈሩ ብቻ ኪራይ አይቀነስም፤ ውሉ ላይ ከሌለ አከራዩ የመቀነስ ግዴታ የለበትም። የማደሻ ጊዜዎ ግንባታው ከማለቁ በፊት የሚደርስ ከሆነ ግን፣ ለግንባታው ወራት የኪራይ ቅናሽና አዲስ ለሚተከለው ታፔላ የአከራዩን ፈቃድ በአንድ ላይ ድርድር ያድርጉባቸው። አከራዩም ለዲዶት የራሱን አስተያየት እንዲያስገባ ይጠይቁት፤ የንብረቱ ባለቤት ደብዳቤ በፋይሉ ውስጥ ለብቻው የሚቆጠር ነው።