«መብቴ ነው» ለምትል ልጅ ምን ይባላል?

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ ገላዋን አጋልጣ ስትጨፍር እየቀረጸች ቲክቶክ ላይ ትለጥፋለች። ስቆጣት «ገላዬ የራሴ ነው፤ ፌሚኒዝም ማለት ይሄ አይደል?» ትለኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ ለሴቶች እኩልነት ስሟገት ኖሬ አሁን መልስ አጣሁ። ከተኮራረፍን ሰነበትን።

መልስ፦ ክርክሩ ከእርስዎ ቤት አልጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የምዕራቡ ዓለም ፌሚኒስቶች ራሳቸው በተመሳሳይ ጥያቄ፣ በተለይ በወሲብ ምስሎችና ፊልሞች ጉዳይ፣ ተከፋፍለው ነበር። አንዱ ወገን «ሴትን ዕቃ ያደርጋል» ሲል፣ ሌላው «በገላዋ የማዘዝ መብቷን አትንኩ» ይል ነበር። ዛሬም አልተቋጨም፤ ሳሎን ውስጥ እቋጨዋለሁ ብለው አይድከሙ።

ምርጫው የእሷ ነው፤ በዚህ ልክ ናት። ወዶ የገቡበት ነገር ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። ፍሬድሪክሰንና ሮበርትስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳስረዱት፣ በገላዋ ብቻ ደጋግማ የምትመዘን ሴት ውላ አድራ ራሷን በተመልካች ዓይን ማየት ትለምዳለች። የቱንም ሥራ ብትይዝ ግማሽ ሐሳቧ «አሁን ሰው እንዴት ነው የሚያየኝ?» ላይ ነው። በማግስቱ ዓመት በታተመ ሙከራ፣ የዋና ልብስ ለብሰው ሒሳብ የተፈተኑ ሴቶች ሹራብ ከለበሱት ያነሰ ውጤት አመጡ፤ ወንዶቹ ላይ ይህ አልታየም። ልብ ይበሉ፣ እያንዳንዷ ለብቻዋ ነበረች፤ ክፍሉ ውስጥ ከመስታወት በቀር የሚያያት አልነበረም።

የእርስዎ ቁጣ ያልሠራውም ለዚሁ ነው። «አዋረድሽኝ፣ ሰው ምን ይላል?» ሲሏት እርስዎም ከተመልካቾቹ ጋር ተሰልፈው ገላዋን እየመዘኑ ነው። ስልኳን መቀማትም ሌላ አካውንት ከማስከፈት አያልፍም።

መጀመሪያ ኩርፊያውን ይስበሩ፤ ቪዲዮውን ሳያነሡ ጥቂት ቀን እንደ ድሮው ያጫውቷት። ከዚያ ብቻችሁን ስትሆኑ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቋት፦ «ስትጨፍሪ ሐሳብሽ ሙዚቃው ላይ ነው ወይስ ካሜራው ላይ?» ዝም ብትል መልሱን አይንጠቋት። ሌላ ቀን ደግሞ፦ «ላይክ ያነሰውን ታጠፊዋለሽ? ደስ ባይልሽም ተመልካች እንዳይቀንስ ብለሽ የለበስሽው ልብስ አለ?» አለ ካለች፣ ለእሷ እየመረጠላት ያለው ተመልካቹ መሆኑን ራሷ ትደርስበታለች። የለም ካለችም ይመኗት፤ አንዳንዷ ጭፈራውን ከልቧ ትወደዋለች።

ምግብ መዝለል፣ ለአንድ አጭር ቪዲዮ ሰዓታት መቅረጽ፣ በአስተያየት የተነሣ እንቅልፍ ማጣት ካዩ ግን ወደ ባለሙያ ይውሰዷት። «ምስልሽን እበትነዋለሁ» እያለ የሚያስፈራራት ሰው ካለ ደግሞ ክርክሩን ይተዉት፤ መልእክቶቹን ሳታጠፉ ስክሪንሾት አንሥታችሁ ያዙ፣ ገንዘብም ሆነ ሌላ ምስል አትስጡት፣ አብራችሁ ሄዳችሁ ለፖሊስ አመልክቱ።