«መንግሥት»፣ «አገዛዝ»፣ «አስተዳደር»፦ የትኛው ለየትኛው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ስለ ዴሞክራሲ የተጻፈ አንድ ጥናት ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ስቴት፣ ገቨርንመንት፣ ሪጂምና ገቨርናንስ የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ግራ አጋቡኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን «መንግሥት»፣ የመጨረሻውን «መልካም አስተዳደር» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ «ሐሳቡ ጠፍቷል» አሉኝ። በተለይ ያስቸገረኝ ይህ ነው፦ ሁለት አገሮች ሪጂማቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ገቨርናንሳቸው ሊለያይ ይችላል፤ ገቨርንመንት ሲለወጥም ስቴቱ ይቀጥላል። እንዴት ልበለው?

መልስ፦ አማካሪዎ እውነት አላቸው፤ ጥፋቱ ግን የእርስዎ ብቻ አይደለም። «መንግሥት» ብዙ ሸክም የተጫነበት ቃል ነው። «ነገሠ» ከሚለው ግስ ነው የወጣው። በግዕዝ ንግሥናውንም የንጉሡን ግዛትም ይጠራል። «መንግሥተ ሰማያት» ስንል የያዝነው ይህን ነው። ዙፋኑና አገሩ አብረው በሚታሰቡበት ዘመን አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ዛሬ አይበቃም። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት ይክፈቱ። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። አንቀጽ 12 ስለ መንግሥት አሠራርና ተጠያቂነት ይናገራል። የእንግሊዝኛው ርዕስ በመጀመሪያው ስቴት፣ በሁለተኛው ገቨርንመንት ነው። አማርኛው ለሁለቱም «መንግሥት» ይላል። በሕግ ጽሑፍ አንባቢ ከአውዱ ይረዳዋል። በጥናት ላይ ግን ልዩነቱ ራሱ የነገሩ ፍሬ ነው። ስለዚህ ለስቴት፣ ማለትም ሹማምንት ቢለዋወጡም ለሚቀጥለው ተቋም፣ አሁን እየተለመደ የመጣውን «ሀገረ መንግሥት» እንዲይዙ እመክራለሁ። ለገቨርንመንት «ሥልጣን ላይ ያለው መንግሥት» ይበሉ። ረዘም ይላል፤ ግን አያሳስትም።

ሪጂም ማለት ሥልጣን የሚያዝበትና የሚሠራበት ሥርዓት ነው። ብዙ ሰው «አገዛዝ» ይለዋል። እኔ አልስማማም። «ገዛ» በራሱ ክፉ ቃል አይደለም። በሬ እንገዛለን፤ ለሕግም እንገዛለን። «አገዛዝ» ግን «የቅኝ አገዛዝ»፣ «የደርግ አገዛዝ» ሲባል ኖሮ የወቀሳ ጠረን ይዟል። በስዊድን ጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ቪ-ዴም የተባለው የጥናት ተቋም የዓለምን አገሮች በአራት ይመድባል፦ ዝግ አውቶክራሲ (አውቶክራሲ አምባገነናዊ ሥርዓት ነው)፣ ምርጫ ያለበት አውቶክራሲ፣ የምርጫ ዴሞክራሲና ሊበራል ዴሞክራሲ። አራቱም ለተመራማሪዎቹ ሪጂም ናቸው። ሊበራል ዴሞክራሲ ውስጥ የምትመደበውን ዴንማርክን «የዴንማርክ አገዛዝ» ብንላት አንባቢ ምን ይገምታል? ተመራማሪው ያላሰበውን ፍርድ እኛ ጨመርንበት ማለት ነው። «ሥርዓተ መንግሥት» ይበሉ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 45 አገሪቱ ፓርላሜንታዊ መሆኗን ሲደነግግ የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው።

ገቨርናንስ ከሁሉም የምወደው ነው፤ ምክንያቱም አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው። ቤተሰቡን የሚያኖር ሰው «ቤተሰብ ያስተዳድራል» እንላለን። የዕለት እንጀራው «መተዳደሪያው» ነው። የእድር ደንብም «መተዳደሪያ ደንብ» ነው። እድር ሚኒስትር የለውም፤ ግን ይተዳደራል። ተመራማሪዎች ገቨርናንስ ሲሉም መንግሥት የሚሠራውን ብቻ ሳይሆን የጋራ ጉዳይ በማንና እንዴት እንደሚመራ ማለታቸው ነው። «አስተዳደር» ልክ ይሆናል።

«መልካም» ግን ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1989 የዓለም ባንክ ከሰሐራ በታች ስላሉ አገሮች ባወጣው ሪፖርት የገቨርናንስ ቀውስ አለ ብሎ ጻፈ። ባንኩ በመተዳደሪያው መሠረት በፖለቲካ ጣልቃ መግባት አይችልም፤ ይህ ቃል ደግሞ ፖለቲካ ሳይሉ ስለ ፖለቲካ ለመነጋገር አመቸ። ከዚያ «ጉድ»፣ ማለትም «መልካም»፣ የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ተጨመረበት፤ እኛም ሁለቱን አጣብቀን ተረከብን። አሁን «የመልካም አስተዳደር ችግር» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቀበሌ ሄዶ መጉላላትን ነው። ባንኩ ራሱ የአገሮችን ገቨርናንስ ለብዙ ዓመታት ከ-2.5 እስከ +2.5 ባለው ሚዛን ሲለካ ቆይቷል። «መልካም አስተዳደሩ ከዜሮ በታች ነው» ብሎ መጻፍ ይቻላል? አይቻልም። ከዜሮ በታች የሚወርደው «አስተዳደር» ነው። «መልካም» የሚጨመረው ጸሐፊው መልካምነቱን ሲናገር ብቻ ነው።

ዓረፍተ ነገርዎን እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ሁለት አገሮች ሥርዓተ መንግሥታቸው አንድ ዓይነት ሆኖ አስተዳደራቸው ሊለያይ ይችላል። ሥልጣን ላይ ያለው መንግሥት ሲለወጥም ሀገረ መንግሥቱ ይቀጥላል።»