ግራ እጅ፣ ግራ አንጎል፦ አራት ጥያቄዎች ከጎጃም

ከፍኖተ ሰላም፦ አባቴ ስትሮክ መቷቸው ከተኙ ሁለት ወር ሆናቸው። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም። ውሃ ሲጠማቸው “ውሃ” ማለት ያቅታቸዋል። ማታ ጸሎት ስናደርስ ግን አቡነ ዘበሰማያትን አብረውን ይላሉ። ጎረቤት “አውቀው ነው” ይላል።

አውቀው አይደለም፣ እህቴ። ለጎረቤቱም ንገሪልኝ። የግራው አንጎል ቀኝ እጅና እግርን ያዛል። በአብዛኛው ሰው ንግግርንም የሚመራው እሱ ነው። ለዚህ ነው ቀኝ ጎንና አንደበት አብረው የተያዙት። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በፈረንጆቹ 1861 “ታን” ከማለት በቀር ቃል የማይወጣው ታማሚ ገጥሞት ነበር። ሰውየው የሚሉትን ይረዳ ነበር። ሲሞት አንጎሉ ቢታይ፣ በግራ በኩል ከግንባሩ ጀርባ ተጎድቶ ተገኘ።

አዲስ ዓረፍተ ነገር መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ከልጅነት አፍ የለመደውን ማውረድ ሌላ ነው። ጸሎት፣ ቁጥር መቁጠር፣ ዘፈን ቃል እየፈለጉ ማገጣጠም አይጠይቁም። ስለዚህ ንግግር የጠፋበት ሰው እነዚህን ሲል ብዙ ጊዜ ይታያል። ቃልን በዜማ እያስባሉ ንግግር የሚያለማምዱ ባለሙያዎችም አሉ።

እናንተ ቤት ውስጥ የምታደርጉት ብዙ ነው። “ውሃ ላምጣልዎት?” ብላችሁ በራስ ንቅናቄ የሚመለስ ጥያቄ ጠይቋቸው። ጊዜ ስጧቸው። አትጩሁባቸው፤ ጆሯቸው ደህና ነው። ፊታቸው ተቀምጣችሁ ስለ እሳቸው እንደሌሉ ሰው አታውሩ። ይህ በጣም ያማል። ጸሎቱንም አታቋርጡባቸው። ደግሞ ማንም ሰው ድንገት ፊቱ ከተጣመመ፣ ክንዱ ከዛለ ወይም ንግግሩ ከተሳሰረ፣ “ምች ነው፣ ይለፍለት” ሳትሉ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።

ከሞጣ፦ የ6 ዓመት ልጄ በግራው ነው የሚጽፈው። አያቱ እጁን በጨርቅ ያስሩበታል።

እባክዎ ያስፈቱለት። ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ ነው። ብልግናም በሽታም አይደለም። ልጁን ቢያስገድዱት በቀኙ መጻፍ ይለምድ ይሆናል፤ ግራኝነቱ ግን አይጠፋም። ትርፉ ደብተር መፍራት ነው። በማዕድ በቀኝ መጉረስ ወጋችን ነው፣ ይልመደው። እርሳሱን ግን ይተዉለት። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ የገዛ እጁ የጻፈውን ይሸፍንበታል። ደብተሩን ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘንብሉለት፤ መምህሩ ደግሞ በዴስኩ ግራ ጫፍ ቢያስቀምጡት ከጓደኛው ጋር በክርን አይጋጭም። ለአያቱ መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 20ን ያንብቡላቸው። ከብንያም ነገድ 700 ግራኞች ሲወነጭፉ ፀጉር እንኳ አይስቱም ነበር ይላል።

ከቢቸና፦ ግራኝ ነኝ፣ ቅኔም እቀኛለሁ። ጓደኞቼ “የቀኝ አንጎል ሰው” ይሉኛል። እውነት ነው?

ወንድሜ፣ አይደለም። ከ10 ግራኞች 7ቱ ያህሉ እንደ ቀኝ እጆቹ ሁሉ ንግግራቸው በግራው አንጎል ነው። የቀሩት በቀኙ ወይም በሁለቱም ነው። የቀኝ አንጎል ሰው፣ የግራ አንጎል ሰው የሚባለው ደግሞ ከሳይንሱ በላይ የተጋነነ ወሬ ነው። ሰዋስውና ቃል ላይ ግራው ይበረታል። የድምፅ ቃናና የተደበቀ ትርጉም ላይ ቀኙ ያግዛል። ሰሙን ግራው፣ ወርቁን ቀኙ ይይዛል ማለት ግን አይቻልም፤ ሁለቱ 200 ሚሊዮን ገደማ በሚሆኑ የነርቭ ክሮች ተያይዘው አብረው ነው የሚሠሩት።

ከዳንግላ፦ ልጄ መስማት የተሳናት ናት። የምታወራው በምልክት ቋንቋ ነው። እጅ ስለሆነ አንጎሏ ሌላ ቦታ ይጠቀማል?

አይ፣ ያው ግራው ነው። በምልክት የሚነጋገሩ ሰዎች ግራ አንጎላቸው ሲጎዳ፣ እጃቸው እየተንቀሳቀሰ ምልክቱ ይጠፋቸዋል። አንጎሏ የሚያየው እንቅስቃሴ ብቻ አይደለም፤ ቋንቋ ነው። እርስዎም አብረዋት ይማሩት፣ አሁን በልጅነቷ።